የ6 ዓመት ልጄ «መቃም» እየተጫወተ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ጫት ይቅማል፣ ለውዝና ሲጋራ ግዛ እያሉ ይልኩታል፣ አሁን ደሞ የጎመን ቅጠል ጉንጩ ውስጥ ወትፎ ትራስ ተደግፎ «መርቅኛለሁ» ይለኛል። ሁሉም ይስቃል እኔ ግን ፈራሁ። ልቆጣው? እናት ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁን አትቆጪው፣ ያየውን ነው የሚጫወተው። መጀመሪያ መላኩ ይቁም፤ በነገራችን ላይ በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥ ይከለክላል፣ በፍሬ መሸጥም ክልክል ነው፣ ስለዚህ ባለሱቁም ጥፋተኛ ነው። ባልሽን እንግዶቹ ፊት ሳይሆን ጠዋት ብቻችሁን ስትሆኑ አናግሪው፣ ተው ብትይው ላይሰማ ይችላል ግን ቢያንስ ልጁ ባለበት አይቃም፣ ይሄ ድርድር የለውም። ቅዳሜ ከሰዓትን ለልጁ የራሱ አድርጊለት፣ ኳስ በይው፣ አክስቱ ጋ መሄድ በይው፣ አንቺ ወጥ ስትሠሪ ነጭ ሽንኩርት መላጥ በይው፣ ብቻ የሚጠብቀው ነገር ይኑረው። ማታም በሰዓቱ ይተኛ። ሲናደድ ወይ ሲደብረው ዝም ለማሰኘት ስልክና ከረሜላ አታቀብይው፣ «ምን ሆንክ?» ብለሽ አውሪው፣ ንዴቱን ችሎ ማሳለፍ የሚለምደው በዚህ እድሜ ነው። ለበዓል ጠላ «ቅመስ» የሚሉ አያቶችንም (ይቅርታ እማማዎች!) በትህትና ከልክይ። ስለጫት ከጠየቀሽ «አባትህ መጥፎ ነው» አትበይ፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ለልጅ አይሆንም በይው፣ በቃ።