«ቪንሰንት» ከድሮ ፊልሞች የተኮረጀ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ሰሞኑን የዳይሬክተሩን የቲም በርተንን «ቪንሰንት» የሚባል አጭር አኒሜሽን አየሁ፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ 6 ደቂቃ ገደማ ብትሆን ነው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። አብሮኝ ፊልም የሚያይ ጓደኛዬ ደግሞ «ይሄ እኮ ከድሮ የጀርመን ፊልምና ከአስፈሪ ታሪኮች ደራሲው ከኤድጋር አላን ፖ የተለቃቀመ ነው፣ የራሱ የሆነ ነገር የለውም» ብሎ ድርቅ አለብኝ። እውነቱን ነው? ደሞ መጨረሻ ላይ ልጁ ሞቶ ነው? የ6 ዓመት እህቴስ ብታየው ችግር አለው?
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሰላም ወንድማችን። ጓደኛህ ፊልሙ ከየት ከየት እንደወሰደ በደንብ ነው ያወቀው፣ «የራሱ ነገር የለውም» ያለው ላይ ግን በጭራሽ አንስማማም። የኮረጀ ሰው ከየት እንዳመጣው ይደብቃል፣ በርተን ግን የሚወዳቸውን በሙሉ በስም እየጠራ ነው የሚያስገባቸው። ታሪኩ እራሱ ስለዚሁ ነው፣ ቪንሰንት ማሎይ የሚባል የ7 ዓመት ልጅ አለ፣ ጨዋ ነው ሰው አክባሪ ነው፣ ምኞቱ ግን የሆረር (የአስፈሪ ፊልሞች) ተዋናዩን ቪንሰንት ፕራይስን መሆን ነው። ትረካውን የሚያነበው ደሞ እራሱ ቪንሰንት ፕራይስ ነው! በርተን በ1982 እ.ኤ.አ. ይሄን ሲሰራ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለ የዲዝኒ ሰራተኛ ነበር፣ ስቱዲዮው 60 ሺህ ዶላር ገደማ ሰጠው፣ ከሪክ ሃይንሪክስ ጋር ሆነው ሰሩት፣ እና በልጅነቱ ሲያደንቀው የኖረው ሰውዬ ስለ አድናቂው የተፃፈውን ግጥም በራሱ ድምፅ አነበበለት።

ከዛ እያንዳንዱ ትዕይንት ከየት እንደመጣ ስታውቅ ፊልሙ እጥፍ ይጥምሃል። አክስቱ ስትመጣ ቪንሰንት የቀለጠ ሰም ውስጥ ሊነክራት ያስባል አይደል? ፕራይስ በ1953 እ.ኤ.አ. «የሰም ቤት» በሚለው ፊልም ላይ የሰም ሙዚየም ያለውን ሰውዬ ሆኖ ተጫውቷል፣ ያ ነው። በምናቡ ሚስቴ ከነነፍሷ ተቀብራለች ብሎ መቃብሯን ሲቆፍር የእናቱን የአበባ መደብ ሚያበላሽበትም ቦታ ከፖ ታሪኮች ነው፣ ፕራይስ ደሞ በ1960ዎቹ ሮጀር ኮርማን ከፖ እየወሰደ በሰራቸው ፊልሞች ላይ ዋናው ተዋናይ ነበር፣ ስለዚህ ለልጁ ፖና ፕራይስ አንድ ሆነውበታል ማለት ነው። ግጥሙ ግን የፖ አይነት ከባድ አይደለም፣ በየስንኙ ቤት እየመታ የሚሄድ ቀለል ያለ የልጆች ግጥም ነው፣ እንደ ዶክተር ሱስ መጻሕፍት፣ በርተን መጀመሪያ ያሰበውም የልጆች መጽሐፍ ሊያደርገው ነበር። እንዲህ ለልጅ የሚነበብ የሚመስል ግጥም በፕራይስ ድምፅ ስለ ሬሳና ስለ መቃብር ሲያወራ ነው ፊልሙ ያንን ልዩ ጣዕሙን ያገኘው።

አሁን ወደ ጀርመኖቹ። ጓደኛህ ያለው በ1920 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቪነ የሰራውን «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ይመስለኛል። እዛ ላይ ቤቱ ጠማማ ነው፣ መስኮቱ ሹል ነው፣ ጥላውና ብርሃኑ ሳይቀር ግድግዳና ወለል ላይ በቀለም የተሳለ ነው፣ ምክንያቱም የምናየው አለም አእምሮው የታወከ ሰው የሚተርከው ነው። በርተን የወሰደው ይሄንን ሀሳብ ነው፣ የተጣመመው ቤቱ ሳይሆን የሚያየው ሰው ጭንቅላት ነው የሚለውን። ግን ካሊጋሪ ላይ አለሙ ከሞላ ጎደል ሁሌ ጠማማ ነው፣ ቪንሰንት ላይ ግን ሁለት ቤት አለ፣ ተራው የአሜሪካ ቤትና የልጁ ቤት፣ እና ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግርህ መብራት ነው። ድጋሚ ስታየው የልጁን ፀጉር ብቻ ተከታተል፣ ክፍሉ ብሩህ ሲሆን የተበጠረ ነው፣ መብራቱ ሲጨልም ብድግ ይላል ጥላውም ግድግዳው ላይ ይረዝማል። እናቱ ዘው ብላ ገብታ ውጪ ፀሐይ ነው ወጥተህ ተጫወት ስትለው ደሞ ያ ሁሉ ጨለማ ባንዴ ይጠፋል፣ እሷ ስትወጣ ግድግዳው እንደገና መወዛወዝ ይጀምራል። ይሄ ስቶፕ ሞሽን ነው፣ አሻንጉሊቱን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ ማንሳት ነው፣ ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይፈልጋል፣ እና ያንን የመብራት ለውጥ በእጅ እየቆጣጠሩ እንደሰሩት ስታስብ ለበርተንና ለሃይንሪክስ ያለህ አክብሮት ይጨምራል። ይሄ የበርተን የራሱ ነው እንግዲህ፣ ለጓደኛህ ንገረው።

መጨረሻው ላይ ፕራይስ የሚያነበው የፖ «ቁራው» የሚለው ግጥም (1845 እ.ኤ.አ.) የመጨረሻ ስንኞች ናቸው፣ ልጁም ወለል ላይ ተዘርሯል። በኔ አስተያየት አልሞተም፣ ትንሽ ቀደም ብሎ እናቱ አንተ ቪንሰንት ፕራይስ አይደለህም፣ ቪንሰንት ማሎይ ነህ ብላዋለች፣ እሱ ግን በሚወደው ሰው ድምፅና በሚወደው ደራሲ ቃል መጨረሻውን እየተጫወተው ነው፣ የትኛውም ልጅ ጨዋታውን ከልቡ ሲይዘው እንደዛ ነው። ስቱዲዮው ፈካ ያለ አጨራረስ ፈልጎ ነበር፣ በርተን አልቀየረውም፣ ጥሩም አደረገ፣ መብራት በርቶ ሁሉም ነገር ደህና ነው ቢባል ኖሮ ልጁ ተሳስቶ ነበር የሚል ፊልም ይሆን ነበር።

እህትህን በተመለከተ፣ ደም የለውም፣ ግን ሰሙና ውሻውን ዞምቢ ለማድረግ የሚሰራው ሙከራ ሊያስፈራት ይችላል፣ መጨረሻው ደሞ በተለይ። ለብቻዋ አታስቀምጣት፣ በቀን አብራችሁ እዩ፣ ትረካውን እየተረጎምክላት፣ ልጁ ወለሉ ላይ ሲወድቅ የእህትህን ፊት እይ፣ ከፈራች አቁመህ ልጁ እየተጫወተ እንደሆነ ንገራት። ለራስህና ለጓደኛህ ደሞ ካሊጋሪን አብራችሁ እዩት፣ ድምፅ አልባ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ ከዛ ወዲያው ቪንሰንትን ክፈቱት።