ፒካፔን ከፍ ባደርገው ሕግ ይይዘኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የ2019 ቶዮታ ታኮማ ፒካፕ አለኝ፤ የባንክ ዕዳው ገና አላለቀም። በሥራ ቀን የቀለም ባልዲና መሰላል እጭንበታለሁ፣ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ተራራ እወጣበታለሁ። ሰስፔንሽኑን (መኪናውን የተሸከመውን ሞላና ሾክ) 3 ኢንች ከፍ አድርጌ 33 ኢንች ጎማ ልገጥምለት አስቤያለሁ። የጠየቅኩት ጋራዥ «እስከ 6 ኢንች ሕጋዊ ነው፣ አትጨነቅ» አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «ፖሊስ ያስቆምሃል፣ ኢንሹራንስህም ገደል ገባ» ይለኛል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደ ጠበቃ ልንገርዎት፤ ጋራዡን አይመኑ። የባለቤትዎን ወንድም ደግሞ በግማሽ ይመኑት። ሊፈራ የሚገባውን ነገር ለይቶታል፤ ምክንያቱን ግን ስቶታል።

የቨርጂኒያ ሕግ ሰስፔንሽኑ ስንት ኢንች ከፍ እንደተደረገ አይቆጥርም። «እስከ 6 ኢንች ይፈቀዳል» የሚል መስመርም የለበትም። ክፍል 46.2-1063 የሚጠይቀው ባምፐሩ (ፊትና ኋላ ያለው የግጭት መከላከያ) ከመሬት ስንት ኢንች ላይ እንዳለ ነው። የሚለካው ከባምፐሩ የታችኛው ጠርዝ እስከ አስፋልቱ ነው። ባምፐሩ ላይ የተጨመረ መከላከያ ብረት ካለ አይቆጠርም።

ልኩ እንደ መኪናው የክብደት ምድብ ይለያያል። ክብደት ስል ባዶው መኪና የሚመዝነውን ማለቴ አይደለም። ፋብሪካው ሰውም ጭነትም ተጨምሮበት «ከዚህ አይለፍ» ያለውን ነው። የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያገኙታል። 4,500 ፓውንድና ከዚያ በታች ለሆነ ፒካፕ የባምፐሩ ከፍታ ፊትም ኋላም ከ28 ኢንች ማለፍ የለበትም። ከ4,501 እስከ 7,500 ፓውንድ ለሆነ ፊቱ 29፣ ኋላው 30 ነው። ከ7,501 እስከ 15,000 ደግሞ ፊቱ 30፣ ኋላው 31። ታኮማ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ምድብ ውስጥ ነው የሚገባው። ቢሆንም በእኔ ቃል አይሂዱ፣ ወረቀቱን ራስዎ ያንብቡ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። 3 ኢንች የሰስፔንሽን ለውጥ ባምፐሩን በ3 ኢንች ገደማ ያነሳዋል። ጎማው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ታኮማዎ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ ቁመቱ 30.5 ኢንች አካባቢ ነው። 33 ሲገጥሙ ልዩነቱ 2.5 ኢንች ይሆናል። መኪናውን የሚያነሳው ግን ከመሃሉ በታች ያለው ግማሽ ብቻ ስለሆነ 1.25 ኢንች ነው የሚጨምረው። በድምሩ ከ4 ኢንች ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሜትር ይዘው ይውጡና ባምፐሩን ይለኩ። ለምሳሌ 22 ኢንች ካገኙ ከሥራው በኋላ 26 ተኩል አይሞላም፤ ከ29 በደንብ በታች ነዎት። ጋራዡ ያለዎትን 6 ኢንች ከዚሁ ጎማ ጋር ቢያስገቡ ግን ያው 22 ወደ 29 ከሩብ ይደርሳል። ቲኬት ማለት ያቺ ሩብ ናት።

ሲለኩ ቦታውን ይምረጡ። አንድ ጊዜ ከደንበኛዬ ጋር ከቢሮዬ ፊት ያለው ፓርኪንግ ላይ ወርደን ለካን። እኔ ሱፌን ለብሼ ተንበርክኬያለሁ፣ እሱ ሜትሩን ይዟል። በግራ በኩል 28 ከሦስት ሩብ፣ በቀኝ በኩል 29 ከሩብ አገኘን። ያው መኪና፣ ያው ባምፐር! ለካስ ፓርኪንጉ ለዝናብ ውሃ ተብሎ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ ነው። ደልዳላ መሬት ይፈልጉ፣ ጎማው በልኩ ይነፋ፣ ፎቶም ያንሱ።

ጋራዥ የሚያደባልቃቸው ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው ሞላውን፣ ባሌስትራውንና ሾኩን ቀይሮ መኪናውን በሙሉ ማንሳት ነው። ሌላው ቦዲውን ከሻንሲው በማራራቂያ ለይቶ ወደ ላይ መስቀል ነው። ለሁለተኛው ሕጉ የተለየ ገደብ አለው፦ ፋብሪካው ካስቀመጠው በላይ ከ3 ኢንች ማለፍ ክልክል ነው። እርስዎ የጠየቁት የመጀመሪያውን ስለሆነ ደረሰኙ ላይ የሚጻፈውም «ሰስፔንሽን» መሆኑን ያረጋግጡ።

ሌላም ነገር አለ። በ2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቨርጂኒያ ይህን ሕግ አሻሽላ አንድ ገደብ ጨመረች። በተቀየረ መኪና ላይ የፊት ባምፐር ከኋላው በ4 ኢንችና ከዚያ በላይ መብለጥ አይችልም። የታለመው አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ኋላቸውን መሬት ላይ ጥለው የሚሄዱት መኪኖች ናቸው። በዚያ ቅርጽ ሹፌሩ ፊት ለፊቱ የቆመ ሕፃን እንኳ አይታየውም። የእርስዎ እንዲያ አይሆንም። ግን ባሌስትራው ደካማ ከሆነና ኋላው ላይ አሥራ ምናምን ባልዲ ቀለም ከከመሩ ኋላው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ይነሳል። በጭነት ሰዓትም ይለኩ።

የቅጣቱ ገንዘብ ራሱ ቤት አያፈርስም፤ የትራፊክ ጥፋት ቅጣት እስከ 250 ዶላር ነው። ዓመታዊው ኢንስፔክሽንም አለ፣ አገር ቤት ቦሎ ለመለጠፍ ለምርመራ እንደምንሰለፈው ዓይነት። 20 ዶላር ነው። ከወደቁ ውድቅ የሚለው ወረቀት ይለጠፍብዎታል፤ ለማስተካከል 15 ቀን ያገኛሉ። ጎማው መሪ ሲዞር ከምንም ነገር ጋር እንዳይፋተግ፣ የፊት መብራቱም አቅጣጫው እንዲስተካከል አስቀድመው ያሠሩ። መኪናው ከፍ ሲል መብራቱም ከፍ ይላልና ፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል።

እኔን ከባምፐሩ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የፍጥነት መለኪያው ነው። የጎማ ሱቆች ስለዚህ ብዙም አያወሩም። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ይረዝማል። መለኪያው ግን በድሮው ጎማ ነው የሚያስበው። ከ30.5 ወደ 33 ሲሄዱ ልዩነቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ገደቡ 55 በሆነበት መለኪያዎ 70 ያሳያል እንበል። እርስዎ «15 ማይል ብቻ ነው ያለፍኩት» ብለው ያስባሉ። ራዳሩ ግን የሚያየው 75 ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከገደቡ 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ ተራ የፍጥነት ቲኬት አይደለም። ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ይባላል፤ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ላጠፋ ሰው እስራቱ ባይለመድም መዝገቡ ይቀራል። የዜግነት ማመልከቻ ለመሙላት ያሰበ ሰው ካለ ቅጹ ስለ ክስና ጥፋት ሲጠይቅ ይህንን መጻፍ ግድ ይሆንበታል። ለጎማ ተብሎ ኢሚግሬሽን ፊት ማብራራት ምን ይሉታል?

ደግነቱ መፍትሔው ቀላል ነው። ጎማው በተገጠመበት ቀን መለኪያውን ለአዲሱ ጎማ ያስተካክሉት። ሳያስተካክሉ ከተያዙም ሕጉ አንድ በር ከፍቷል። በክፍል 46.2-942 መሠረት የመለኪያውን ትክክለኛነት የሚያሳይ በቃለ መሐላ የተረጋገጠ የምርመራ ወረቀት ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ለማለትም ቅጣቱን ለመወሰንም ወረቀቱን ያዩታል። ጠበቃ ቢይዙም ባይዙም ይህን ወረቀት ሳይዙ አይቅረቡ።

ወደ ኢንሹራንሱ እንምጣ። ሕጋዊ በሆነ መንገድ ከፍ ስለተደረገ ብቻ ኢንሹራንስ በራሱ «አይሰረዝም»። ችግሩ የሚመጣው ከዝምታ ነው። ኩባንያው ሲያድስ ወይም አዲስ ውል ሲያዘጋጅ «መኪናው ላይ ለውጥ ተደርጓል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «የለም» ብለው ከመለሱ ከአደጋ በኋላ ያቺን መልስ ያመጣብዎታል። በቨርጂኒያ ሕግ ኩባንያው ክፍያ ለመከልከል መልሱ ሐሰት እንደነበረና ኩባንያው የተቀበለውን አደጋ የሚለውጥ ቁም ነገር እንደነበረ በግልጽ ማስረዳት አለበት። ጥሩ መከላከያ ነው። ግን ልጅዎ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ በዚህ ጉዳይ ለመከራከር የሚፈልግ ሰው የለም። ለኤጀንትዎ ዛሬ ኢሜይል ይጻፉ። ስልክ ሳይሆን ኢሜይል። «ሰስፔንሽን 3 ኢንች፣ ጎማ 33፣ ያስወጣኝ ይህን ያህል» ይበሉ፤ መልሱንም ያስቀምጡት። ብዙ ውሎች ከፋብሪካ ውጭ የተጨመረ ዕቃን ወይ ጨርሶ አይሸፍኑም፣ ወይ በትንሽ ገንዘብ ይወስኑታል። በጥቂት ዶላር ጭማሪ ሊካተት ይችላልና ይጠይቁ።

እግረ መንገዴን ልንገርዎት፤ ከደብዳቤዎ ላይ ያስደነገጠኝ ጎማው ሳይሆን ባልዲው ነው። መኪናው ለግል መጠቀሚያ ተብሎ ኢንሹራንስ ገብቶለት በሥራ ቀን የቀለም ዕቃ የሚመላለስበት ከሆነ ያ ከ3 ኢንች የበለጠ ጣጣ ያመጣል። እዚያው ኢሜይል ላይ ይህንንም ይጻፉት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሌላ ክፉ ደንብ አለ፤ ከሌላ ስቴት የሚመጣ ሰው ሲሰማው አያምንም። በአደጋ ሌላው ሰው 99 በመቶ ቢያጠፋና እርስዎ ለአደጋው ምክንያት የሆነች 1 በመቶ ጥፋት ቢኖርብዎት ከሱ ምንም ካሳ ላያገኙ ይችላሉ። ሜሪላንድም እንደዚሁ ናት። እንግዲህ ያስቡት። ቀይ መብራት ጥሶ የገጨዎት ሰው ጠበቃ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ባምፐርዎን ማስለካት ነው። 29 ከሩብ ካገኘ «ሕግ የተጣሰበት መኪና ነው፤ ፍሬኑም በትልቁ ጎማ ምክንያት ዘግይቷል» ይላል። ሕጉ መጣሱ ብቻውን አይበቃውም፣ ጥሰቱ ለአደጋው ምክንያት መሆኑንም ማሳየት አለበት። ግን ለምን ዕድሉን ይሰጡታል? ከገደቡ በታች የሆነ፣ በፎቶና በደረሰኝ የተያዘ መኪና ክርክሩን እዚያው ይዘጋዋል።

ስለ ባንኩ አጭር ነው። የብድር ውሉን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ መኪናውን በመሠረቱ መለወጥ ይከለክላሉ። የፋብሪካው ዋስትና በዕድሜው አልቋል። ተጨማሪ ዋስትና ገዝተው ከሆነ ግን እሱ ለውጥ የተደረገበትን መኪና እንዳይሸፍን ተደርጎ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ትንንሹን ፊደል ይመልከቱ።

ከጋራዡ ጋር በአፍ ብቻ አይስማሙ። ግምቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቨርጂኒያ ሕግ ያለ እርስዎ ፈቃድ ከጽሑፍ ግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ማስከፈል አይችሉም። የወጣውንም ዕቃ ውሰድ ሊሉዎት ይገባል። ይውሰዱት! የድሮው ሞላና ሾክ ቤትዎ ጥግ ላይ ይቀመጡ። ኢንስፔክሽን ቢወድቅ ወይም መኪናውን ለመሸጥ ቢፈልጉ ይመለሳሉ። የጎማ አሰላለፉ በዚያው ቀን ይስተካከል፣ ብሎኖቹም ከ50 እስከ 100 ማይል ከነዱ በኋላ እንደገና ይጠበቁ። ሥራው ተበላሽቶ ጉዳት ቢያስከትልና ጉዳዩ ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚያየው ትንሹ ፍርድ ቤት (ስሞል ክሌምስ) አለ። እዚያ ጠበቃ ይዞ መግባት የለም፤ እኔንም አይፈልጉኝም፣ ደረሰኝና ፎቶ ይበቃዎታል። ለንብረት ጉዳት ክስ 5 ዓመት፣ ለአካል ጉዳት 2 ዓመት አለዎት።

የባለቤትዎን ወንድም ቅዳሜ ቡና ላይ ይጥሩት። ሜትሩን እሱ ይያዝ፣ ፎቶውን እርስዎ ያንሱ።