ብልቃጡን ከከደንኩ በኋላ አረፋው ከየት መጣ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂያችን ነዳጅ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ገብቶ እንደሆነ ለማየት ነዳጅ ማደያ አጠገብ ከተቆፈሩ የክትትል ጉድጓዶች ውኃ እየቀዳ አዲስ አበባ ላለ ላቦራቶሪ ይልካል። ባለ 40 ሚሊ ሊትሩን ብልቃጥ አፉ ድረስ ሞልቶ ይከድናል፤ ገልብጦ ሲያየው አረፋ የለም። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ግን ከላይ አረፋ ተጠራቅሞ ያገኛል። «አሞላሌ ላይ ምን አጠፋሁ?» ይላል።

ምንም አላጠፋህም ወንድሜ። ነገሩ ላቦራቶሪው ብልቃጡ ውስጥ አስቀድሞ የጨመረው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይመስለኛል። የድሬዳዋ ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት እየው። ከኖራ ድንጋዩ ሟሙቶ በውኃው ያለው ባይካርቦኔት አሲድ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። አምቦ ውኃ ሲከፈት እንደምታየው ማለት ነው።

ጉዳቱ ላቦራቶሪው በሚፈልገው ቤንዝን ላይ ነው። (ቤንዝን ያልኩት መኪና የሚሞላውን ቤንዚን አይደለም፤ በውስጡ ያለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ነው። ሁለቱን ያምታታ ሪፖርት ስንቴ አይቻለሁ!) ቤንዝን ቶሎ ይተናል፤ ከውኃው ወጥቶ አረፋው ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ሲከፈትም ያመልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ ማምለጡ እንኳ የተበከለውን ጉድጓድ ንጹሕ ሊያስመስለው ይችላል።

በሚቀጥለው ጊዜ አሲድ የሌለባቸው ብልቃጦችም ይላኩልህ። ጉድጓዱ ላይ እንደደረስክ አንዱን አሲድ ባለበት ሞልተህ ጠብቅ፤ ካፈላ ናሙናውን በሙሉ አሲድ በሌለባቸው ብልቃጦች ውስጥ ቅዳ። አሲዱን ደፍተህ በዚያው ብልቃጥ እንዳትቀዳ። አሲዱ የሚጨመረው ቤንዝንንና ሌላውን የነዳጅ ኬሚካል ቶሉይንን የሚበሉ ባክቴሪያዎችን ለመግታት ነውና፣ እሱ ከሌለ ናሙናው በ14 ቀን ሳይሆን በ7 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። መለያው ላይ «አሲድ የለውም» ብለህ በግልጽ ጻፍ፤ ለላቦራቶሪውም ደውል።

አሲድ የሌለበት ብልቃጥ ውስጥም አረፋ ከወጣ ግን አሲዱን ተወውና ፓምፕህን መርምር። ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ከሆነ ስበቱ ራሱ በውኃው የሟሟውን ጋዝ ያስወጣል፤ የቱቦው መጋጠሚያ ከላላም አየር ይገባል። ፍሰቱን በደቂቃ ወደ 100 ሚሊ ሊትር አውርደው፣ ውኃውም የብልቃጡን ግድግዳ ይዞ ይውረድ እንጂ ከላይ አይንጠባጠብ። ከአተር ፍሬ ያነሰች አንዲት አረፋ ብትቀር አትጨነቅ።

ጄኔሬተርህ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ይቁም፤ ጭሱ ራሱ ቤንዝን አለበት። ናሙናውን የምታቀዘቅዝበትን በረዶ ደግሞ ለድሬዳዋ ፀሐይ በሚበቃ መጠን ያዝ።