ሕልሜን የነገርኩት ሰው ድምፄን አሰራጨው፤ ማን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ሕልም ለሚፈታ ሰው የድምፅ መልእክት ላክሁለት። የባለቤቴ እኅት በራችን ደፍ ሥር እንቁላል ስትቀብር ማየቴን ስሟን ጠርቼ ነገርኩት። እሱም «መተት አስደርጋብሻለች» የሚል ፍቺ ጨምሮ ድምፄን ለተከታዮቹ ለቀቀው። ዘመድ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አሁን እኅቱ እኔን ልትከሰኝ ነው። ሕልም በማየቴ እጠየቃለሁ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሕልም በማየትዎ ማንም ሊከስዎት አይችልም። ዋናው ነገር የተናገሩት ቃል ነው። «እንዲህ አየሁ» ማለት «እንዲህ አደረገች» ከማለት ይለያል። ስለዚህ የላኩትን ድምፅ የእሷ ጠበቃ ሳይሰማው በፊት እርስዎ ደግመው ያዳምጡት። «ድሮም እጠረጥራት ነበር» የሚል ወይም የሚመስል ቃል ካለበት ነገሩ ሕልም መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆናል።

የሰውየው አቋም ግን ከእርስዎ የከፋ ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ፍርድ ቤትም የሚጠይቀው ፈቺውን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2044 መሠረት በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳለቂያ የሚያደርግና ስሙን የሚጎዳ ቃል የተናገረ ሰው ኃላፊ ነው። የመጉዳት ሐሳብ አልነበረኝም ማለት አያድነውም። ያልኩት እውነት ነው ብሎ መከራከር ይችላል፤ መተቱን በምን ማስረጃ እንደሚያስረዳ ግን እንጃ!

ድምፅዎን ያለ ፈቃድዎ መልቀቁ ደግሞ እርስዎን ራስዎን ከሳሽ ያደርግዎታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ፍቺ መጠየቅዎ ለሕዝብ ይሰራጭ ብሎ እንደ መፍቀድ አይቆጠርም።

ሰውየው እንዲያጠፋው ከመጠየቅዎ በፊት ግን ማስረጃ ይያዙ። የቻናሉ ስም፣ ቀኑ፣ የተመልካቹ ብዛትና አስተያየቶቹ የሚታዩበትን የስልክ ገጽ ፎቶ ያስቀሩ፤ ድምፁንም ያውርዱ። ብዙ ሰው ተናዶ መጀመሪያ ያስጠፋና በኋላ ባዶ እጁን ይመጣል።

የጊዜ ገደብም አለ። የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በግል አቤቱታ ብቻ ለሚያስከስስ ወንጀል ደግሞ አቤቱታው ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። የሕሊና ጉዳት ካሳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ሕግ ነውና ዛሬ ለጠበቃ አበል እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ሁለታችሁንም የሚጠቅማችሁ ገንዘቡ ሳይሆን በዚያው ቻናል ላይ የሚወጣ ማስተባበያ ይመስለኛል።

ለእኅቱ ሽማግሌ ይላኩ። ፍቺው የእርስዎ ቃል አለመሆኑንና ድምፅዎ ያለ ፈቃድዎ መሰራጨቱን በጽሑፍ አድርገው ይስጧቸው፤ ከቻላችሁም ሰውየውን አብራችሁ ክሰሱት። ጽሑፉ ውስጥ «ጥፋተኛ ነኝ» የሚል ቃል ከመግባቱ በፊት ግን ለጠበቃ ያሳዩት።