የእናታችንን ተዝካር ከፋሲካ በኋላ ብናደርገውስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በደሴ ከተማ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እናቴ በ83 ዓመቷ ካረፈች ወር ሊሞላት ነው። አባታችን ቀድሞ ስለ ሞተ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች፣ ገበያ እየሸጠች ስድስት ልጆች አሳደገች፤ በስተርጅናዋም ለሥራ ከአገር የወጡትን የእኅቶቼን ልጆች እንደገና ከጡጦ ጀምራ አሳደገች። አርባዋ የሚውለው በዐቢይ ጾም ነው። እኅቶቼ «ይህን ያህል የለፋች እናት ተዝካሯ በሽሮ አይወጣም፤ ከፋሲካ በኋላ በሬ ጥለን፣ ድንኳን ተክለን እናውጣ፤ የሕይወት ታሪኳም ይነበብ» ይላሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ከሥራ ብዛት የተነሣ ቅዳሴ ያስቀደሰችባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ። በገበያ ያለፈን ዕድሜ በጸሎት ቦታ ማንበብ ይገባልን? ልብሷን ስናጣጥፍ መቀነቷ ላይ ሦስት ቋጠሮ አገኘን፤ አንዱ የቅሬ (የእድር) መዋጮ፣ አንዱ የሰንበቴዋ ሲሆን ሦስተኛው ዝርዝር ሳንቲም ነበር፤ ለምን እንደቋጠረችው አላወቅንም።

መልስ፦ እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እናንተንም ያጽናናችሁ።

የአርባ ቀን ጸሎት በአርባኛው ቀን ይደረግ። ቤተ ክርስቲያን ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እያለች ለሙታን የምትጸልየው ቀኖቹ ምክንያት ስላላቸው ነው፤ ሣልስት የጌታችንን ትንሣኤ፣ አርባውም ዕርገቱን ያሳስበናል። ጾሙ የሚከለክለው ሥጋውን እንጂ ጸሎቱን ስላልሆነ፣ የእናታችሁን ስም በመሠዊያው ፊት የምታስጠሩበትን ዕለት በሬ እስኪታረድ ድረስ ማቆየት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ቀኑ ከሰሞነ ሕማማት ጋር የሚገጥም ከሆነ ግን በዚያ ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ አስቀድመሽ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሪ። ደግሞም የክርስትና ስማቸውን አጣሪ። ብዙ ልጆች እናታቸውን በገበያና በሰፈር ስሟ ብቻ ስለሚያውቋት፣ ካህኑ «ማን ብዬ ልጸልይ?» ሲላቸው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ስለ ዝክሩ፣ ሽሮ ሸጠው ያሳደጓችሁ እናት በሽሮ ቢታሰቡ ነውሩ ምኑ ላይ እንደሆነ ለእኔ አልታየኝም። በእኛ አገር በፍስክ ተዝካር ሲወጣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ፣ በሌላ ድንኳን ይቀመጣሉ። የጾም ምግብ ሲሆን ግን ለቅሶውን አብረዋችሁ የተቀመጡት ሁሉ ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ። ለበሬውና ለድንኳኑ የታሰበው ገንዘብ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ከታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ ልምጣ። ቅዳሴ መቅረታቸው ምንም አይደለም ብዬ አልሸነግልሽም፤ ሰንበትን ማክበር ትእዛዝ ነውና። ነገር ግን ጸሎተ ፍትሐት የተሠራው ነውር ለሌለባቸው ብቻ አይደለም፤ እንጨት ሆኖ የማይጤስ፣ ሰው ሆኖ የማይበድል የለም። ፍርዱን ለባለቤቱ ትተሽ ሥራቸውን ግን ከእምነታቸው ነጥለሽ አትይው። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 31 ልባም ሴትን ሲያመሰግን የሚዘረዝረው ገና ሌሊት ሳለ መነሣቷን፣ ፈትላ መሸጧን፣ እጇን ለድሀ መዘርጋቷን ነው፤ ያ ሁሉ የእጅ ሥራ «እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት» ከሚለው ቃል ጋር በአንድ መዝሙር ተቀምጧል። ጣቢታ በሞተች ጊዜም መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት እርሷ የሰፋቻቸውን ቀሚሶች ነበር (የሐዋርያት ሥራ 9፥39)። እንግዲህ የእናታችሁ በርበሬ በጸሎት ቦታ መነሣቱ አያሳፍርም። ታሪኩ ከጸሎቱ በኋላ፣ አጠር ብሎ፣ ያልሆኑት ሳይጨመርበት ይነበብ፤ የሚያነበውም ካሳደጓቸው የልጅ ልጆች አንዱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ እናቱን ብቻ ሳይሆን አያቱንም በስም ጠርቷልና። «ደግ ነበሩ፣ ሩኅሩኅ ነበሩ» የሚለውን ለማንም የሚሆን ጽሑፍ ትታችሁ ሲነጋ የሚሰማውን የሙቀጫ ድምፅ፣ የተቃጠለ እጃቸውን፣ አንዱን ልጅ አዝለው ሌላውን ተማሪ ቤት ማድረሳቸውን ጻፉ።

ሦስተኛው ቋጠሮ የምን እንደሆነ አላወቅንም ብለሻል። እኔ አውቀዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ማለዳ ለትምህርት ወደ ደብራችን ስገባ እናትሽ ሸክማቸውን ከቅጥሩ ሥር አሳርፈው፣ ደጀ ሰላሙን ተሳልመው፣ መቀነታቸውን በጥርሳቸው ሲፈቱ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። በበሩ ግራና ቀኝ ለተቀመጡት ነዳያን አንድም ሳይዘሉ በየእጃቸው ሰጥተው፣ ሸክማቸውን መልሰው ተሸክመው ወደ ገበያ ይወርዱ ነበር። ከነዳያኑ መካከል አንዲት ዓይነ ስውር እናት ከሐዘኑ ወዲህ «ያቺ የበርበሬ ሽታ ያላት ሴት ምነው ቀረች?» ብለው ጠይቀውኛል። እኅቶችሽ ለበሬውና ለድንኳኑ ያሰቡት ገንዘብ ለእነዚህ ሰዎች ልብስና ቀለብ ይሁን፤ የአርባውም ዕለት ከዘመድ አስቀድመሽ እነርሱን ጥሪ፣ ዓይነ ስውሯንም ራስሽ እጃቸውን ይዘሽ ወደ ቤታችሁ አምጫቸው።