ዓይኔን ስገልጥ ቀለሙ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ለአምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሌሎች አንባቢዎች ከሚጽፉልዎ የትዳርና የውርስ ጭንቀት ጋር ሲተያይ የእኔ ጥያቄ ቀላል ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ቀላል አልሆነልኝም።

ዕድሜዬ 51 ነው። ከጥምቀት በኋላ የመጀመሪያ ልጄን እድራለሁ። ባለፈው ግንቦት የእህቴ ልጅ ሲያገባ፣ ከእህቶቼ ጋር አንድ የውበት ሳሎን ገብተን ተኳኩለን ነበር። አስዋቢዋ ወጣት ናት፤ እጇም ፈጣን ነው። “ዓይንዎን ይጨፍኑ” አለችኝና ጨፈንኩ። ስትጨርስ እንደጨፈንኩ ያነሳችኝን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ወርቃማው ቀለም ከቅንድቤ ሥር ጀምሮ ያብለጨልጫል፤ ጥቁሩ መስመር ዝንፍ አላለም። በደስታ ከፍዬ ወጣሁ። ዓይኔን ገልጬ መኪና ውስጥ በመስታወት ሳየው ግን መስመሩ የለም፤ ቆዳዬ ውጦታል። ምሳ ሳይቀርብ ደግሞ ጥቁሩ ወደ ላይ ታትሞ ከቅንድቤ ሥር ሁለተኛ መስመር ሠራ። አልበሙ ሲመጣ ባለቤቴ አገላብጦ አይቶ፣ “ያን ቀን አሞሽ ነበር እንዴ?” አለኝ።

የዓይኔ ቆብ እንዲህ የሆነው ዛሬ አይደለም። እናቴም አክስቶቼም ከቅንድባቸው ሥር ያለው ቆዳ በዓይናቸው ላይ ደረብ ያለ ነው። በወጣትነቴ እንዲያውም ያምርብሻል ይሉኝ ነበር። ከ40 ዓመቴ ወዲህ ግን እየከበደ ሄደ፤ ግራው ደግሞ ከቀኙ ዝቅ ይላል። የምሠራው ሂሳብ ክፍል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ፤ ወደ ማምሻው ላይ ግራው ይበልጥ የሚወርድ ይመስለኛል፤ ድካም ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

አሁን ቤቱ ሁሉ መካሪ ሆኗል። ታናሽ እህቴ “ትልቅ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት አስደርጊ” ትላለች፤ የወንድሜ ልጅ ቆዳውን በቴፕ እናንሣው ትላለች፤ ጎረቤቴ “ላይና ታቹን በኩል ድምቅ አድርጊው” ብላ ከገበያ ኩል ገዝታ አምጥታልኛለች። ልጄ ደግሞ “እማዬ፣ ምንም ባትቀቢስ?” አለችኝ። የማንን ልስማ? ቀዶ ጥገናስ ይሻለኝ ይሆን?

የሙሽራዋ እናት
ከአዲስ አበባ

*

መልስ

እንኳን ልጅዎን ለመዳር አበቃዎ። ስለ ቀለሙ ከመናገሬ በፊት በደብዳቤዎ መሐል እንደ ዋዛ ጣል አድርገው ያለፉትን ነገር ላንሣ። “ወደ ማምሻው ላይ ግራው ይበልጥ ይወርዳል” ብለዋል። ይህን የሚመልሰው አስዋቢ ሳይሆን የዓይን ሐኪም ነው።

የዓይን ቆብ ወረደ ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እናቀላቅላለን። አንደኛው ቆዳው ተርፎ በዓይን ላይ ሲደርብ ነው፤ ከቤተሰብ ይወረሳል፤ ዕድሜ ሲገፋና ቅንድብ ዝቅ ሲልም ይብሳል። ሁለተኛው ቆቡ ራሱ፣ ማለትም ሽፋሽፍቱ የበቀለበት ጠርዝ፣ ሲወርድ ነው፤ እዚያ ላይ ችግሩ ቆቡን ከሚያነሣው ጡንቻ፣ ከጅማቱ ወይም ከነርቩ ነው። መስታወት ፊት ይቀመጡና ቀጥ ብለው እያዩ የተደረበውን ቆዳ በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው ወደ ላይ ሰብሰብ ያድርጉት። ጤነኛ የላይኛ ቆብ የዓይንን ባለ ቀለም ክብ ከላይ በኩል የሚሸፍነው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቆዳው ተነሥቶም የግራው ጠርዝ ወደ ብሌኑ ተጠግቶ ካገኙት ነገሩ የቆዳ ብቻ አይደለም። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚወርድ ቆብ አንዳንዴ ማያስቴንያ ግራቪስ የሚባለው፣ ጡንቻ ቶሎ የሚዝልበት ሕመም ምልክት ይሆናል። የእርስዎ ያ ነው አላልኩም፤ በዕድሜ የላላ ጅማትም ሰው ሲደክመው ይብስበታል። ሁለቱን በደብዳቤ መለየት ስለማይቻል ከሠርጉ በፊት ይታዩ። እዚያው አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የታወቀ የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ቆቡ በድንገት ከወደቀ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የብሌኖቹ መጠን መለያየት አብሮት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ቀዶ ጥገናውንም ሐኪሙን ይጠይቁት። ትርፉን ቆዳ መቁረጥም ሆነ የላላውን ጅማት ማጥበቅ የተለመደ ሕክምና ነው፤ ቆዳው እይታን ከጋረደ ደግሞ ጉዳዩ የውበት ብቻ አይሆንም። ለጥር ሠርግ ብለው ግን አሁን አይግቡበት። እብጠቱና ብልዘቱ እስኪጠፋ ሳምንታት ይፈጃል።

አሁን ወደ ሳሎኑ። አስዋቢዋ አልሰነፈችም፤ የሠራችው ግን ለተጨፈነ ዓይን ነው። በየስልኩ የሚታየው የሜካፕ ፎቶ ሁሉ የተጨፈነ ዓይን ሆኗልና አልፈርድባትም፤ እርስዎ ግን ሙሽራና ሙሽሪት ሲገቡ ጨፍነው አይቀበሏቸውም። ቆዳ ለተደረበበት ዓይን ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ቀለሙ የሚያርፍበት ቦታ የሚመረጠው ዓይን ተገልጦ ቀጥ ብሎ እያየ ነው። ለመቀባት መጨፈን ይቻላል፤ ቦታ ለመምረጥ ግን አይቻልም።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ። ቆባቸው የከበደ ሴቶች መስታወት ፊት ሲቀመጡ ሳያውቁት ቅንድባቸውን ያነሣሉ፤ አገጫቸውም ቀና ይላል። ያን ጊዜ የተሠራው ሁሉ ቅንድቡ ወደ ቦታው ሲመለስ ይሰወራል። መስታወቱ በዓይንዎ ትክክል ይሁን፤ መዳፍዎን ግንባርዎ ላይ አሳርፈው መጨማደዱ እስኪላላ ይጠብቁ፤ ከዚያ ይጀመር።

ቆቡ ደረቅ ይሁን። ክሬም ተቀብቶ ወዲያው ቀለም አይደረብም። ስስ የዓይን ፕራይመር (ቀለሙን እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው መደብ)፣ በላዩ ላይ ጥቂት ፓውደር። ጥቁሩ ወደ ላይ የታተመብዎ ቆዳ ከቆዳ ጋር እየተነካካ፣ ላብና ወዝ ስላስለቀቀው ነው፤ ፓውደሩ ከተረሳ ውድ የተባለው ቀለምም አይተርፍም። በጣም ነጭ ፓውደር ግን ይቅርብዎ፤ በፍላሽ በተነሣ ፎቶ ጠይም ፊት ላይ አመድ መስሎ ይወጣል።

ቀጥሎ የማያብረቀርቅ ቡናማ አይሼዶ፣ ከራስዎ ቆዳ ትንሽ ጠቆር ያለ። ዓይንዎ እንደተገለጠ ብሩሹ ከተደረበው ቆዳ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የዓይን ጉድጓድ አጥንት የሚዳሰስበት ቦታ ላይ ይረፍ። በተፈጥሮው እጥፋት ውስጥ የተቀባ ቀለም ይዋጣል፤ ከእጥፋቱ በላይ የተቀባው ግን ጥላ ሆኖ ይታያል፤ ቆዳውንም ወደ ኋላ የሸሸ ያስመስለዋል። ጠርዙ ጎልቶ እንዳይታይ በንጹሕ ብሩሽ ይለስልስ። ወርቃማው ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው። የሚያብለጨልጭ ነገር ብርሃን ስለሚመልስ ያረፈበትን ቦታ ወደ ፊት ያወጣል፤ በተደረበው ቆዳ ላይ ሲቀባ ያበጠ ያስመስላል። ባለቤትዎን “አሞሽ ነበር?” ያሰኘው ይህ ይመስለኛል። ከቀሚስዎ ጥለት ጋር እንዲሄድ ወርቅ ካማርዎ በአፍንጫ በኩል ባለው ጥግ ላይ ጥቂት ነካ ማድረግ ይበቃል።

ወፍራም መስመር ያለችውን ጠባብ ቦታ ይጨርሳታል። የሚያዋጣው በላይኛው ሽፋሽፍት ፀጉሮች መካከል ያለውን ክፍተት ውኃ በማያስለቅቀው የዓይን መኳያ እርሳስ መሙላት ነው። መስመሩ ለብቻው አይታይም፤ ሽፋሽፍቱ ግን የወፈረ ይመስላል። በውጭው ጥግ ጭራ እንዲወጣ ከፈለጉ፣ አስዋቢዋ ዓይንዎ ተገልጦ ሳለ ጫፉ የሚያርፍበትን ነጥብ ታድርግ፤ አቅጣጫው የታችኛው ሽፋሽፍት መስመር ወደ ቅንድቡ ጫፍ ቢቀጥል የሚሄድበት ነው። ከነጥቡ ወደ ውስጥ ስትመለስ እጥፋቱ ላይ መስመሩ ይቋረጣል፤ የተቋረጠውን ዓይን ተጨፍኖ ትሙላው። ሲጨፍኑ መስመሩ የተጣመመ፣ እንዲያውም የተበላሸ ይመስላል። ሲገልጡት ቀጥ ይላል። ደንግጣ እንዳታጠፋው አስቀድመው ይንገሯት።

ሁለቱ ዓይኖች እኩል ስላልሆኑ ሥራው ከግራው ይጀመር። የግራው ቡናማ ከቀኙ በጥቂቱ ከፍ ይበል፤ ቀኙ ከእሱ ጋር እየተያየ ይስተካከል። ከቀኙ ከተጀመረ ግራውን ለማድረስ ሲባል ቀለም እየተደራረበ ይሄዳል።

የመካሪዎችዎን ነገር ደግሞ ባጭሩ። ትልቅ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት የደከመ ቆብን ይጫናል፤ ረጃጅሙ በውጭ ጥግ በኩል ከሆነማ ዓይኑን ይብሱን ያወርደዋል። የራስዎን ሽፋሽፍት በመቆልመሚያ አንሥተው ማስካራ መቀባት ይሻላል፤ የግድ ካሉ ስሱንና መካከሉ ረዘም ያለውን ይምረጡ። ቴፑ በጃፓንና በኮሪያ ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙበት ነው፤ ላብና ጭፈራ ባለበት ቀን ግን ጫፉ ተነሥቶ ያሳጣዎታል።

በኩሉ ላይ ጠንከር እላለሁ። ላይና ታቹን በጥቁር ማጠር ዓይንን ያጠብባል፤ ታች ካስፈለገ ቡናማ፣ ከውጭ ጥግ እስከ መሐል ድረስ ብቻ ይሁን። የመጣበት የማይታወቅ ኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በገበያ ከሚሸጠው መካከል ጋሌና ከተባለው ማዕድን፣ ማለትም እርሳስ ከሚባለው ብረትና ከድኝ ውሑድ የተፈጨ ይገኝበታል፤ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፤ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች። አሜሪካ ውስጥ ኩል ለመዋቢያነት ያልተፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚያ ለሠርጉ የሚመጡ ዘመዶች ካሉዎት በስጦታ አያሸክሟቸው። በዋዜማው አንዱን መኳያ ለሚዜዎች ሁሉ ማዘዋወርም የዓይን ሕመም ማዘዋወር ነው።

“ምንም ባትቀቢስ?” ያለችው ልጅዎ በፍቅር ነው ያለችው። ዓይንዎም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ፊት ለፊት የሚያፈጡ ትልልቅ ዓይኖች ስላሏቸው ይሆን አላውቅም፣ እኛ አገር ዓይን ካልሰፋ ያማረ አይመስለንም። መኳል ከወደዱ ግን ይኳሉ፤ የሙሽራ እናት መሆን በየዓመቱ አይመጣም።

ከሠርጉ ሳምንት ቀደም ብለው ለሙከራ ይሂዱ፤ የሚቻል ከሆነ ከሥራ በኋላ፣ ግራው ሲወርድ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ዓይንዎ ተገልጦ ታንሣዎት፤ የሚፈርዱበት ፎቶ እሱ ነው። ልጅዎ ከቤት ስትወጣ ማልቀስዎ አይቀርም፤ ማስካራው ውኃ የማያስለቅቀው ይሁን። እንባውን በነጠላዎ ጫፍ አይሹት፤ የታጠፈ ሶፍት ከዓይንዎ ሥር ጠጋ አድርገው እንዲመጠው ያድርጉ። ቦርሳዎ ውስጥ ደግሞ ጥቂት የጥጥ እንጨትና ያቺን ፓውደር ይያዙ።