ደብተር ይዛችሁ ውጡ

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ተቀምጦ ዕፀዋትና ነፍሳት ማጥናት የሚፈልግ ወጣት ስለ መሣሪያ ሲጨነቅ አያለሁ። ማይክሮስኮፕ የለኝም፣ ስልኬ ጥሩ ፎቶ አያነሳም ይላል። ዕድሜዬን በዚህ ሙያ አሳልፌያለሁና ስሙኝ፤ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ደብተርና እርሳስ ነው። አንዳንድ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሄዳል፣ እርሳስ አይለቅም። ጣና ዳር ደግሞ መርጠብ አይቀርም።

ሩቅ አትሂዱ። ግቢያችሁ ውስጥ ሎሚ ካለ ቅጠሉን ቀረብ ብላችሁ እዩ። የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ታገኙ ይሆናል። ትንሽ ብትታገሡ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ፤ የቢራቢሮ ትል ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ነካ ብታደርጉት ከራሱ ኋላ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ አድርጎ ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። ጠላቱን የሚያባርረው በዚህ ነው። የሎሚ ቅጠል እየሰጣችሁ ካርቶን ውስጥ አሳድጉት። መቼ ቆዳውን ቀየረ? መቼ መብላት አቁሞ ራሱን ጭራሮ ላይ በክር አሰረ? መቼ ክንፍ አወጣ? ሁሉንም ከነቀኑ ጻፉት።

ተክል ስትቆርጡ አበባውን ወይም ፍሬውን ጨምሩ፤ በቅጠል ብቻ መለየት ያስቸግራል። አሮጌ ጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ክብደት ጫኑበት። ክረምት ላይ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ አለዚያ ይሻግታል። አበባው ሲደርቅ ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ሲቆረጥ ወተት ያወጣ እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ማታ ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ የሚባል ነገር የለም። ቀንና ቦታ ያልተጻፈበት ናሙና ደረቅ ሣር ነው።

ይህን የማጠብቀው ዳርቻው ዓይናችን እያየ ስለተለወጠ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እሱ በያዘው ቦታ ቀድሞ ምን ይበቅል ነበር? ደንገሉ እስከ የት ይደርስ ነበር? መልሱ ያለው ያኔ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርቅ ነገር ፍለጋ አትድከሙ። ደንገሉን፣ ዋንዛውን፣ ብሳናውን፣ ሰንሰሉን መዝግቡ።

ዘጌ ወይም ደሴቶቹ ስትሄዱ የገዳማቱን አባቶች ሳታስፈቅዱ ቅጠል አትቁረጡ። ያ ደን እስከ ዛሬ የቆየው በእነሱ ጥበቃ ነው። ብቻውን የቆመ ተክል ካጋጠማችሁም ፎቶ አንስታችሁ ተዉት።

መለየት ያቃታችሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፀዋት ናሙና ማኖሪያ፣ አሳዩ። ከአንዱ ተክል ሁለት ናሙና አድርቁና ለሁለቱም አንድ ቁጥር ስጡ። አንዱ እዚያ ይቀመጥ፣ ሌላው እናንተ ጋ ይቅር። ስሙ ሲታወቅ ደብተራችሁ ላይ ከቁጥሩ ጎን ትጽፉታላችሁ።